ስሙን ሳይሆን ካምቢዮውን ግዙ



ዛሬ እዚህ የቆምኩት የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤታችን የወላጆች ኮሚቴ ጋብዞኝ ነው። ኮሚቴው የሰጠኝ ጥያቄ አጭር ነው፦ “ልጆች ላሉት ቤተሰብ የትኛው ሚኒቫን ይሻላል? ካምቢዮው የማያስቸግረውስ የትኛው ነው?” በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ጋራዦች ውስጥ እንጀራዬን የበላሁበት ሙያ ስለሆነ፣ ግብዣውን በደስታ ነው የተቀበልኩት። ይህ ጥያቄ የብዙ ቤት ጥያቄ መሆኑንም አውቃለሁ። ከቤት ኪራይ ወይም ከሞርጌጅ ቀጥሎ የቤተሰባችንን ገንዘብ የሚበላው መኪና ነው፤ ከመኪናው ውስጥ ደግሞ በአንድ ጊዜ ኪስ የሚያራቁተው ካምቢዮ ነው።

መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁና ከዚያ ላብራራው። የመኪና ስም አትግዙ። መኪናው የተሠራበትን ዓመት፣ በውስጡ ያለውን ካምቢዮና እስከ ዛሬ የተያዘበትን አያያዝ አይታችሁ ግዙ። ዓመት፣ ካምቢዮ፣ አያያዝ። ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ እነዚህ ሦስት ቃላት አብረዋችሁ ከወጡ የመጣሁበት ጉዳይ ተሳክቷል።

ንግግሬ አምስት ክፍል አለው። መጀመሪያ ካምቢዮ ለምን የሚኒቫን ዋና ጭንቀት እንደሆነ፣ ሁለተኛ ያለፉት ዓመታት ምን እንዳስተማሩን፣ ሦስተኛ ዛሬ ገበያ ላይ ምን እንዳለ፣ አራተኛ ያገለገለ መኪና ከመግዛታችን በፊት እንዴት እንደምንፈትሽ፣ አምስተኛ ከገዛን በኋላ እንዴት እንደምንይዝ እናያለን። በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ።

አንደኛ፤ ካምቢዮ ለምን?

ብዙዎቻችን አገር ቤት ሳለን የምናውቀው መኪና ቶዮታ ዲኤክስ ወይም ሰማያዊና ነጭ የተቀባው ሃይኤስ ሚኒባስ ነው። እዚያ ማርሹን የሚቀይረው ሹፌሩ ራሱ ነው። ፍሪሲዮኑ ሲያልቅ ሜካኒኩ ካምቢዮውን አውርዶ ሸራውን ይቀይራል፤ መኪናው ብዙም ሳይቆይ ሥራ ይገባል። “ቶዮታ አይበገርም” የሚለው እምነታችን የበቀለው ከዚያ ነው፤ እውነትነትም አለው።

እዚህ አሜሪካ የምንገዛው ሚኒቫን ግን አውቶማቲክ ነው። በተለመደው አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካይነት የሚያቀብል ቶርክ ኮንቨርተር አለ። እየተጨበጡና እየተለቀቁ ማርሽ የሚቀይሩ በርካታ ቀጫጭን ፍሪሲዮኖች አሉ። ዘይቱን ወደሚፈለገው ቦታ የሚመሩ ቫልቮች አሉ፤ ሁሉንም የሚያዝ ኮምፒውተር አለ። ዘይቱ ሦስት ሥራ አለበት፦ ያለሰልሳል፣ ያቀዘቅዛል፣ በግፊቱም ፍሪሲዮኖቹን አጥብቆ ይይዛል። ከሦስቱ አንዱ ሲጓደል ሌሎቹም ይከተላሉ።

የዚህ ካምቢዮ ዋና ጠላት ሙቀት ነው። ዘይቱ ከመጠን በላይ ሲግል ይቃጠላል። የተቃጠለ ዘይት ፍሪሲዮኑን በደንብ አያስይዝም፤ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፤ መንሸራተቱ ደግሞ ሌላ ሙቀት ይወልዳል። እንዲህ እያለ ራሱን ይበላል።

ሚኒቫን ለዚህ ሙቀት ከትንሿ የቤት መኪና ይልቅ የተጋለጠ ነው። ባዶውን እንኳ ወደ 2 ቶን ይመዝናል። አሁን ሁላችሁም የምታውቁትን ቀን አስቡ። አምስት ቤተሰብ ክረምቱን አገር ቤት ሊያሳልፍ ወደ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ይሄዳል። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ ሻንጣ 23 ኪሎ፤ በድምሩ 10 ሻንጣ፣ 230 ኪሎ። አምስቱ ሰዎች ይጨመሩ፤ አያትም ሊሸኙ ይሳፈሩ። ወሩ ሐምሌ ነው፣ ኤሲው እስከ ጫፍ ተከፍቷል፣ 495 ቤልትዌይ ላይ መኪናው አሥር ሜትር ሄዶ ይቆማል፣ ደግሞ አሥር ሜትር ሄዶ ይቆማል። ለካምቢዮ ከዚህ የከፋ ቀን የለም።

ይህን የምለው ሻንጣ እንዳትጭኑ አይደለም። መኪናችሁ ስንት ኪሎ እንዲሸከም እንደተሠራ እንድታውቁ ነው። የሾፌሩን በር ስትከፍቱ ምሰሶው ላይ ተለጣፊ አለ፤ ሰውና ዕቃ በድምሩ ከስንት ኪሎ መብለጥ እንደሌለበት በፓውንድና በኪሎ ተጽፎበታል። ዛሬ ወደ መኪናችሁ ስትመለሱ በሩን ከፍታችሁ አንብቡት።

ሁለተኛ፤ ያለፉት ዓመታት ምን አስተማሩን?

ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ። ክራይስለር ኩባንያ በ1983 መጨረሻ ዶጅ ካራቫንንና ፕሊማዝ ቮየጀርን ይዞ ሲወጣ የአሜሪካ ቤተሰብ ሚኒቫንን ወደደ። አውቶማቲኩ ባለ 3 ማርሽ ነበር፤ ቀላልና ጠንካራ። ለ1989 ሞዴል ግን ኩባንያው በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ፣ አልትራድራይቭ የሚባል አዲስ ባለ 4 ማርሽ ካምቢዮ አመጣ። በወረቀት ላይ ግሩም ነበር። በመንገድ ላይ ግን ብዙ ቤተሰብ ተቸገረ። ኮምፒውተሩ ችግር ሲሰማው ካምቢዮውን 2ኛ ማርሽ ላይ ቆልፎ ስለሚያስቀምጠው፣ ሰው በሀይዌይ መካከል ከ2ኛ ማርሽ አላልፍ ያለ መኪና እየነዳ ወደ ጋራዥ ይመጣ ነበር። ከምክንያቶቹ አንዱ ዘይት ነው። ካምቢዮው የሚፈልገው የክራይስለርን የራሱን ልዩ ዘይት ሆኖ ሳለ፣ በየጋራዡ በሌሎች መኪኖች የተለመደው ዘይት ይሞላበት ነበር።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እንወስዳለን። አንደኛው፣ አዲስ ካምቢዮ በወጣበት በመጀመሪያው ዓመት ለመግዛት አንቸኩል፤ ሌላ ሰው ይፈትነው። ሁለተኛው፣ ፋብሪካው ካዘዘው ዘይት ውጭ ሌላ ዘይት ካምቢዮ ውስጥ አይግባ።

ቀጥሎ ወደ ሆንዳ ኦዲሲ እንሂድ። ሆንዳ በሞተር ሥራው የተከበረ ኩባንያ ነው። በ1999 ሞዴል ያወጣው ትልቁ ኦዲሲ ግን ካምቢዮው ደካማ ሆኖ ተገኘ። ከ1999 እስከ 2001 ባለ 4 ማርሽ፣ ከ2002 እስከ 2004 ባለ 5 ማርሽ ነበር። ኩባንያው የ1999–2001ዱን የካምቢዮ ዋስትና ወደ 7 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ለማራዘም ተገደደ። በ2004 ደግሞ ወደ 1.1 ሚሊዮን የሚጠጉ የሆንዳና የአኩራ መኪኖችን ሪኮል አደረገ፣ ማለትም ለጥገና መልሶ ጠራ፤ የ2002–2004 ኦዲሲ ከነዚህ አንዱ ነው። ምክንያቱ የ2ኛው ማርሽ ጥርስ በቂ ዘይት ሳያገኝ ከመጠን በላይ መጋሉ ነበር። የጋለ ጥርስ ሊሰበር፣ ካምቢዮውም መኪናው እየሄደ ሳለ ሊቆለፍ ይችላል። ብዙም ያልተነዱትን መኪኖች ለማርሹ ተጨማሪ ዘይት የሚረጭ መስመር ገጠሙላቸው፤ ከ15,000 ማይል ያለፉትን ደግሞ ማርሹ በሙቀት ቀለሙ ተለውጦ እንደሆነ ከፍተው አዩ፤ የተጎዳ ካገኙ ካምቢዮውን ለወጡ። ሙቀት የካምቢዮ ጠላት ነው ያልኳችሁ ይኸው በሥራ ላይ።

አሁን ሁላችንም የምናመሰግነውን ቶዮታ ሲየናን እንይ። በ1998 ሞዴል ሲጀምር ባለ 4 ማርሽ ነበር። በ2004 ባለ 5፣ በ2011 ባለ 6፣ በ2017 ባለ 8 ማርሽ ሆነ። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ሃይብሪድ ብቻ ሆኗል፤ ካምቢዮውም ከቀደሙት ሁሉ ፈጽሞ የተለየ ነው። አንድ ስም፣ አምስት ዓይነት ካምቢዮ! እንግዲህ አንድ ወዳጃችን “ሲየና ጥሩ ነው?” ብሎ ቢጠይቀን ጥያቄው ገና አልተሟላም። የስንት ዓመቱ? በማን እጅ የኖረው? ዓመት፣ ካምቢዮ፣ አያያዝ።

ሦስተኛ፤ ዛሬ ገበያ ላይ ምን አለ?

አዲስ ወይም አዲስ ቀመስ ሚኒቫን ለሚፈልግ ቤተሰብ ዋናዎቹ አራት ናቸው፦ ቶዮታ ሲየና፣ ሆንዳ ኦዲሲ፣ ክራይስለር ፓሲፊካና ኪያ ካርኒቫል።

ከ2021 ወዲህ ያለው ሲየና ሃይብሪድ ነው። በካምቢዮው ውስጥ ፕላኔታሪ ጊርና ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮች አሉ። ቶርክ ኮንቨርተር የለውም፤ ማርሽ እየቀየሩ የሚያልቁ ፍሪሲዮኖችም የሉትም። በጥንካሬው የምተማመንበት ለዚህ ነው፤ የሚበላ ነገር ሲቀንስ የሚበላሽ ነገር ይቀንሳል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። ሻጮች ይህንንም ሲቪቲ፣ ማለትም ማርሽ በደረጃ የማይቀይር ካምቢዮ፣ ይሉታል። ከ2011 እስከ 2017 የተሸጠው ኒሳን ክዌስትም ሲቪቲ ነው። ይሁን እንጂ የክዌስቱ ሲቪቲ በሁለት ፑሊዎች መካከል በተወጠረ የብረት ቀበቶ የሚሠራ ነው፤ ቀበቶው ሲንሸራተት ካምቢዮው ያበቃለታል። የሁለቱ አሠራር አይገናኝም፤ አንዱን በሌላው አትመዝኑት።

ኦዲሲ በ2018 ሲታደስ ርካሾቹ ባለ 9 ማርሽ፣ ውዶቹ ባለ 10 ማርሽ ሆነው ወጡ። ከ2020 ጀምሮ ሁሉም ባለ 10 ሆነዋል። ስለዚህ 2018 ወይም 2019 የምትገዙ ከሆነ የትኛው ካምቢዮ እንዳለው ጠይቁ፤ ዓመቱ አንድ ሆኖ ካምቢዮው ሁለት ነው። የኔ ምርጫ ባለ 10ሩ ነው። ተራው ፓሲፊካ ከ2017 ጀምሮ ባለ 9 ማርሽ ነው፤ በ2022 ሞዴል የወጣው ተራው ኪያ ካርኒቫል ባለ 8 ማርሽ ነው።

ካርኒቫልን የምታስቡ ስለ ዋስትናው አንድ ነገር ልብ በሉ። ሁላችንም በማስታወቂያ የሰማነው የ10 ዓመት ወይም 100,000 ማይል የሞተርና የካምቢዮ ዋስትና የሚሠራው ለመጀመሪያው ባለቤት ነው። መኪናው ተሽጦ ሁለተኛ ሰው እጅ ሲገባ ወደ 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ይወርዳል። ያገለገለ ካርኒቫል የሚሸጥላችሁ ሰው ስለ 10 ዓመቱ ካወራላችሁ ወረቀቱን አሳየኝ በሉት።

ነዳጁንም እናስላ። ሲየና ሃይብሪድ በአንድ ጋሎን በአማካይ 36 ማይል ይሄዳል፤ ነዳጅ ብቻ የሚጠጡት ኦዲሲ፣ ፓሲፊካና ካርኒቫል 22 ያህል። በዓመት 15,000 ማይል ለሚነዳ ቤተሰብ ልዩነቱ 265 ጋሎን ገደማ ነው፤ ጋሎኑን 3 ዶላር ብንለው በዓመት ወደ 800 ዶላር ይመጣል። ኡበር ወይም ሊፍት ለሚሠራማ ከዚያም በላይ ነው።

ባጀታችሁ ለአዲስ ካልደረሰ አትዘኑ። ጥሩ የአገልግሎት ወረቀት ያለው የ2011–2016 ባለ 6 ማርሽ ሲየና ወይም የ2014–2017 ባለ 6 ማርሽ ኦዲሲ ብዙ ቤተሰብ ያሳድጋል። ኦዲሲ ከሆነ የታይሚንግ ቀበቶው በ100,000 ማይል አካባቢ መቀየር እንዳለበት አትርሱ፤ ስለ መቀየሩ ማስረጃ ከሌለ የመቀየሪያውን ዋጋ ከሽያጩ ላይ አስቀንሱ።

“ለምን ባለ ሦስት ረድፍ ኤስዩቪ አንገዛም?” የሚል ካለ፣ መልሴ አያትን ጠይቁ ነው። ነጠላና ረጅም ቀሚስ የለበሱ እናት ኤስዩቪ ላይ ለመውጣት እግራቸውን ወደ ላይ ማንሳት አለባቸው። ሚኒቫን ወለሉ ዝቅ ያለ፣ በሩ ወደ ጎን የሚንሸራተት ነው፤ ሕፃን በሩን ሲከፍት የጎረቤቱን መኪና አይገጭም፤ ሦስተኛው ረድፍም ለልጅ ብቻ ሳይሆን ለትልቅ ሰው ይበቃል። ቤተሰብ ለሚያመላልስ ሰው ከዚህ የተሻለ ቅርጽ አላየሁም።

አራተኛ፤ ከመግዛታችን በፊት እንዴት እንፈትሽ?

በባህላችን ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ለዓመታት ልጆቻችሁን ለምታሳፍሩበት መኪናም የዘር ሐረጉን መጠየቅ ነውር የለውም። ማን ገዛው? የት ኖረ? መቼ ተጋጨ? ዘይቱ መቼ ተቀየረ? ደረሰኝ የሌለው መልስ መልስ አይደለም። በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ቪን የሚባለውን 17 ፊደልና ቁጥር ያለበትን መለያ ውሰዱ። በፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ በኤንኤችቲኤስኤ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ስታስገቡት ያልተሠራ ሪኮል ካለ ያሳያችኋል። የሪኮል ጥገና በዲለር ያለ ክፍያ ይሠራል።

ቀጥሎ ሻጩን “ከመምጣቴ በፊት ሞተሩን አታስነሳው” በሉት። ደካማ ካምቢዮ ጠባዩን የሚያሳየው ወይ ገና ሲቀዘቅዝ ወይ በደንብ ሲግል ነው፤ ሁለቱንም ማየት አለባችሁ። ፍሬን ይዛችሁ ከፓርክ ወደ የኋላ ማርሽ፣ ከዚያም ወደ ድራይቭ አስገቡ። ወዲያው ካልያዘ፣ ወይም ሲይዝ ጓ ብሎ መኪናውን ካናወጠው፣ ቆም ብላችሁ አስቡ።

ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ንዱት። በከተማ ቆም ብላችሁ ተነሱ፤ ዳገት ውጡ፤ ሀይዌይም ግቡ። ማርሽ ሲቀይር ሞተሩ ያለ ፍጥነት የሚጮህ ከሆነ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ነዳጁን በቀስታ ረግጣችሁ ስትሄዱ ሸካራ አስፋልት ላይ የምትሄዱ ያህል ከተንቀጠቀጠ ቶርክ ኮንቨርተሩን ጠርጥሩ። ሬዲዮውን አጥፉ፤ ሻጩም ወሬ እንዲቀንስ በትህትና ለምኑት። በዚያ ግማሽ ሰዓት መናገር ያለበት መኪናው ነው።

መለኪያ ዘንግ ካለው የካምቢዮውን ዘይት አውጥታችሁ እዩ፤ አሽትቱትም። የጠቆረና የተቃጠለ ሽታ ያለው ዘይት ደህና ዜና አይደለም። ብዙዎቹ አዳዲሶቹ ዘንግ የላቸውም፤ ለእነሱ መኪናውን የሚያነሳ ጋራዥ ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ፣ ከሻጩ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሜካኒክ ጋ ውሰዱት፤ ኮምፒውተሩንም ያንብብላችሁ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር እዚህ አለ። ተንኮለኛ ሻጭ የቼክ ኢንጅን መብራቱን እናንተ ልትመጡ ስትሉ ሊያጠፋው ይችላል። መብራቱ በማሽን ሲጠፋ ግን የኮምፒውተሩ የውስጥ ፍተሻዎች አብረው ይሰረዛሉ፤ እንደገና እስኪሟሉ ብዙ መንዳት ይጠይቃል። ሜካኒኩ “ፍተሻዎቹ አልተሟሉም” ካላችሁ፣ በቅርቡ የጠፋ ነገር አለና ሌላ ቀን ተመለሱ። ለዚህ ምርመራ የምትከፍሉት ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ዶላር አይክበዳችሁ፤ ካምቢዮ ማስቀየር ብዙውን ጊዜ ከ4,000 ዶላር በላይ ነው።

ከዲለር ስትገዙ ደግሞ መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን የገዢዎች መመሪያ አንብቡ። ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ዲለር ይህን ወረቀት እንዲለጥፍ የፌዴራል ደንብ ያስገድደዋል። “አዝ ኢዝ” የሚለው ሳጥን ምልክት ከተደረገበት፣ ከግቢው ከወጣችሁ በኋላ የሚመጣው ብልሽት የእናንተ ዕዳ ነው። ሻጩ በአፉ የሰጣችሁን ተስፋ እዚያው ወረቀት ላይ አስጽፉት።

አምስተኛ፤ ከገዛን በኋላስ?

አያያዙ ከምርጫው አያንስም። የካምቢዮ ዘይት “ለዕድሜ ልክ ነው፣ አይቀየርም” የሚል ወሬ ሰምታችሁ ይሆናል። የመኪናችሁን መመሪያ ገልጣችሁ “ከባድ አጠቃቀም” የሚለውን ክፍል አንብቡት። በሙቀት፣ በትራፊክ፣ ጭነት ይዞ፣ እንደ ታክሲ መሥራት፤ የሚዘረዝረው የእኛን ኑሮ ነው። እኔ በየ50,000 ማይሉ እንዲቀየር እመክራለሁ፤ ታክሲ ወይም ኡበር ለሚሠራ ከዚያም ቀደም ብሎ። የሚሞላው ዘይት ፋብሪካው በስም ያዘዘው ብቻ ይሁን። የ1989ኙን ታሪክ አስታውሱ።

መኪናው ሙሉ በሙሉ ሳይቆም ከኋላ ማርሽ ወደ ድራይቭ አታስገቡ። ራዲያተሩን ጠብቁ፤ በብዙ መኪኖች የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው በእሱ በኩል ነው። በየወሩም ለመኪናው ብቻ የሚቀመጥ ገንዘብ ይኑራችሁ። የወር ክፍያው ደመወዛችሁን እስከ መጨረሻው የሚጨርስ መኪና፣ ካምቢዮው ምንም ቢጠነክር ለቤተሰባችሁ አይሆንም። ዘይት ማስቀየሪያ ያጣ ሰው ካምቢዮ ማስቀየሪያ ይፈልጋል።

አሁን ልመናዬን ላቅርብ።

በእኛ ማኅበረሰብ መኪና የምንገዛው በጋዜጣ ማስታወቂያ አይደለም፤ በሰው ምክር ነው። አዲስ የመጣ ወንድማችን ከደብሩ ቅጽር ግቢ፣ ከቡና ቤቱ፣ ከሥራ ባልደረባው ሰምቶ ነው ቼኩን የሚፈርመው። ክሬዲቱ ገና ነው፤ እንግሊዝኛው ገና ነው፤ ያጠራቀመው ሁሉ እዚያ መኪና ላይ ነው። “ቶዮታ ግዛ፣ አትሳሳትም” ብለን ስንሸኘው በቅን ልብ ነው፤ ግን ምክራችን ግማሽ ነው። እንደዚህ ባለ ግማሽ ምክር የተነሳ የተቃጠለ ካምቢዮ ገዝተው፣ ለሁለት ዓመት የማይሄድ መኪና ዕዳ የከፈሉ ሰዎች በጋራዥ ውስጥ አግኝቻለሁ። ፊታቸውን ሳይ ያናደደኝ ብረቱ አልነበረም፤ ማንም ቁጭ ብሎ ያልነገራቸው መሆኑ ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ምክራችንን እናሟላ። ሰው ሲጠይቀን ስም ብቻ አንንገረው፤ ዓመቱን፣ ካምቢዮውን፣ ምን መፈተሽ እንዳለበት እንንገረው። ከተቻለ ደግሞ አብረነው እንሂድ። ይህ ትምህርት ቤት በየቅዳሜው ሜካኒኩንም፣ የባንክ ሠራተኛውንም፣ ለአምስት ዓመት ታክሲ የነዳውንም ያገናኛል። ከመካከላችን ፈቃደኞች ተመዝግበን፣ መኪና ሊገዛ የተነሳ ቤተሰብ ብቻውን ዲለር ቤት እንዳይገባ እናድርግ። ስሜን አስቀድሜ አስመዘግባለሁ፤ ዝርዝሩ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ይሆናል።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ፤ ስትጠይቁኝም ከመኪናው ስም በፊት ዓመቱን ንገሩኝ።